ስለ ቤት ዕዳና ስለ ባልና ሚስት ኅብረት

በአገራችን በቀደመው ዘመን እንዲህ ያለ ልማድ ነበር። ገንዘብ ተበድሮ በቀጠሮው ቀን ያልከፈለ ሰው በዳኛ ፊት ከተረታ በኋላ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። አበዳሪው ወደ ገበያ ሲሄድ ባለዕዳው አብሮት ይሄዳል፤ ባለዕዳው ዘመዶቹን ሊለምን ሲነሣ አበዳሪው አብሮት ይነሣል። ይህም መቆራኘት ይባል ነበር። ዛሬ ያ ሰንሰለት ከገበያና ከመንገድ ጠፍቶአል። ዳሩ ግን ከእጅ ወደ ልብ ተዛወረ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ዕዳ ያለበት ሰው በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ከአበዳሪው ጋር ነው፤ በቅዳሴ ቆሞ ሳለ የሚቆጥረው ወሩ ሊያልቅ የቀረውን ቀን ነው፤ ስልኩ በጮኸ ቍጥርም ይደነግጣል።

ባልና ሚስት ደግሞ በሌላ፥ በተባረከ መቆራኘት የተቆራኙ ናቸው። በተክሊል ቀን በአንድነት የቆሙት ሁለቱ አንድ አካል ከሆኑ፥ አንደኛው ለአበዳሪ ሲታሰር ሌላው ነጻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ ቢያውቀውም ባያውቀውም አብሮ ታስሮአል። ልዩነቱ፥ የሚያውቅ ሰው ሸክሙን ያግዛል፤ የማያውቅ ሰው ግን ሸክሙ ሲጎትተው ብቻ ይሰማዋል፤ ከየት እንደ መጣ ስለማያውቅም በጎረቤቱ፥ በልጁ፥ በሠራተኛው ላይ ይቈጣል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የምንናገረው ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ የቤት ዕዳ አስቀድሞ በእውነተኛ ቃል ይከፈላል፤ በገንዘብ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሀ/ የዕዳ ዐይነቱ

በግእዝ ቋንቋ ፈደየ የሚለው ግስ ዕዳን ከፈለ፥ ብድራትን መለሰ ማለት ነው። ፍዳ የሚለውም ስም የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። እኛ ግን በአማርኛ ፍዳውን አየ ስንል መከራውን አየ ማለታችን ነው። ክፍያና መከራ በአንድ ቃል መገናኘታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ በጊዜው ያልተከፈለ ዕዳ በስተኋላ መከራ ሆኖ ይከፈላልና።

ይሁን እንጂ ዕዳ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። የመጀመሪያው ለመትከል የሚገባበት ዕዳ ነው። ገበሬ ለዘርና ለበሬ፥ ልብስ ሰፊ ለስፌት መኪና፥ ነጋዴ ለዕቃ ማምጫ ይበደራል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤት ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ቤተ ሰቦችም በ20/80 መርሐ ግብር ከቤቱ ዋጋ ከመቶ 20 እጁን አስቀድመው ከፍለው፥ የቀረውን ከመቶ 80 እጅ በረጅም ዘመን የባንክ ብድር ከፋዮች ሆነዋል። ይህን ዐይነቱን ዕዳ፥ አቅምን አውቀው እስከ ገቡበት ድረስ፥ የሚነቅፍ የለም።

ሁለተኛው የችግር ዕዳ ነው። በሽታ፥ ከሥራ መውጣት፥ የእህል ዋጋ መናር ያመጣዋል። ይህም የሚያሳዝን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ሦስተኛው ለሰው ዐይን ሲባል የሚገባበት ዕዳ ነው። ሠርጉ ከእገሌ ሠርግ እንዳያንስ፥ ክርስትናው እንዲወራለት፥ ተዝካሩም ዘመድ እንዳያማ ተብሎ የሚወሰደው ብድር ይህ ነው። እኛ ካህናት በዚህ ነገር ዝም ማለታችን ሳይጐዳ አልቀረም። ስለ ሙታን የሚደረገው ጸሎት በታረደው በሬና በተጣለው ጠጅ ብዛት አይለካም፤ የሟቹን ልጆች ለአራጣ አበዳሪ አሳልፎ የሰጠ ድግስም ለሟቹ ነፍስ አይረባም። አራተኛው የሱስ ዕዳ ነው፤ መጠጥ፥ ቁማር፥ በዚህ ዘመንም ወጣቱን ሁሉ የያዘው የስፖርት ውርርድ የሚያመጡት ነው።

በእነዚህ በአራቱም ላይ ዘመናችን አንድ ነገር ጨምሮባቸዋል፤ ይኸውም መሸሸግ ቀላል መሆኑ ነው። ቀድሞ ብድር ለመበደር ሽማግሌ መለመን፥ ዋስ መጥራት፥ በምስክር ፊት መቆጠር ያስፈልግ ነበርና ሚስት ባትሰማ ጎረቤት ይሰማ ነበር። አሁን ግን ሰው በመኝታው ላይ ተጋድሞ፥ ሚስቱ አጠገቡ ተኝታ ሳለች፥ በእጅ ስልኩ በቴሌብር ጥቂት ጥቂት ብር ሊበደር ይችላል። በር የሚያንኳኳ የለም፤ ሰነድ የሚታይበት ሣጥንም የለም። አገልግሎቱ በራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለብዙ ደኃ ነጋዴ ጠቅሞአልና። የምንለው፥ ብድር መውሰድ እንደዚህ በቀለለበት ጊዜ ለትዳር ጓደኛ መናገር ይበልጥ ግዴታ ይሆናል ነው።

ለ/ የጦቢትና የሐና ቤት

በመጽሐፈ ጦቢት ስለ ጦቢት ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ምጽዋቱን፥ ሙታንን መቅበሩንና የመልአኩን የሩፋኤልን ረድኤት ነው። ነገር ግን ይህ መጽሐፍ በገንዘብ ችግር ስለተጨነቁ ባልና ሚስትም ብዙ ያስተምራል።

ጦቢት ዐይኑ ከጠፋ በኋላ ቤቱን የምትመግብ ሚስቱ ሐና ሆነች። ለሰዎች የእጅ ሥራ እየሠራች ደመወዝ ትቀበል ነበር። ከዕለታት በአንዱ ቀን አሠሪዎቹ ከደመወዝዋ በላይ አንድ የፍየል ጠቦት ጨምረው ሰጡአት። ጠቦቱ ከቤት ገብቶ ሲጮኽ ጦቢት ሰማና ከየት መጣ? የተሰረቀ እንዳይሆን ለባለቤቱ መልሱት አለ። እርስዋም በደመወዜ ላይ የተጨመረ ስጦታ ነው ብላ ነገረችው፤ እርሱ ግን አላመናትም። እርስዋም ተቈጥታ ምጽዋትህና ጽድቅህ የት አለ የሚል ነቀፋ መለሰችለት። ጦቢትም ከኀዘን ብዛት ሞትን ለመነ።

እዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን ነገር አለ። ጦቢት ጻድቅ ነበር፤ ሐናም ታማኝ ነበረች። ሁለት ደጋግ ሰዎች በአንድ ጠቦት ምክንያት እስከዚህ ድረስ የተጣሉት ከክፋት የተነሣ አይደለም። በድህነት ጊዜ ገንዘብ ወደ ቤት ሲገባና ከቤት ሲወጣ ሁለቱም በአንድነት ካላዩት፥ ያላየው ሰው በልቡ የሚሞላው በጥርጣሬ ስለ ሆነ ነው። ጦቢት በዕውርነቱ ጠቦቱን ማየት አልቻለም። ዛሬ ግን ብዙ ባሎችና ሚስቶች ዐይናቸው እያየ የትዳር ጓደኛቸውን ዕውር ያደርጉታል፤ ሒሳቡን ይሸሽጉበታልና።

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው። ጦቢት በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ ያስቀመጠው ዐሥር መክሊት ብር ነበረው። ስለዚህ ገንዘብ ልጁን ጦብያን ጠርቶ የነገረው ሞትን ከለመነ በኋላ፥ ሳልሞት ልንገረው ብሎ ነው። ቤቱ በሚስቱ የዕለት ደመወዝ ሲኖር ያ ሁሉ ብር በሩቅ አገር ተቀምጦ ነበር። በእኛም አገር ብዙ ሰው የሚበደረውንና ያበደረውን የሚናገረው በሞት አፋፍ ላይ ነው፤ አንዳንዱም ይህ ጊዜ እንኳ አይሰጠውም። ከዚያ በኋላ ሚስት ለኀዘን በተቀመጠችበት ድንኳን አበዳሪዎች ሰነዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሆኖም ጦቢት አንድ መልካም ነገር አድርጎ ነበር፤ በእጅ የተጻፈ ሰነድ ነበረው። ስለዚህ ሰነዱ በቀረበ ጊዜ ገባኤል ከረጢቶቹን ማኅተማቸው ሳይፈታ አስረከበ።

ሐ/ ያየነው ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን አንድ ነገር፥ ባለጉዳዮቹ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ስለ ፈቀዱልን፥ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ሳንገልጥ እንጽፋለን።

ባልየው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሚስቲቱ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታቀርባለች። የባልየው አባት ባረፉ ጊዜ ዘመድ አዝማድ እንዳያማው ብሎ ለተዝካሩ 30,000 ብር ከአንድ አራጣ አበዳሪ ወሰደ፤ አራጣውም በወር ከመቶ 10 ነበር። ለሚስቱ ግን መሥሪያ ቤቱ እንዳበደረው ነገራት። አበዳሪው መያዣ ቢጠይቀው የሚስቱን የሠርግ ሐብል ከሣጥን አውጥቶ ሰጠ።

በጥምቀት ዋዜማ ሚስቲቱ ሣጥኑን ብትከፍት ሐብሉ የለም። በቤቱ ውስጥ ከገጠር የመጣች አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ጥርጣሬው ሁሉ በእርስዋ ላይ ወደቀ፤ ብትምልም፥ ብታለቅስም የሚሰማት አልተገኘም። የሁለት ወር ደመወዝዋ ተይዞባት፥ በሌባ ስም ከቤት ተባረረች። ባልየው በዚያ ሰዓት በቤቱ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን አፉን አልከፈተም። እኛም በሰማን ጊዜ ማን አየ? ብለን ሳንጠይቅ፥ ሌባን ማሰናበት ይገባል ብለን መለስን። ይህን የምንጽፈው ለካህን አፍ መቸኰል ምን ያህል ኀጢአት እንደ ሆነ እኛው እናውቀው ዘንድ ነው።

ወራት ካለፉ በኋላ ለጸሎት ወደ ቤታቸው ስንሄድ ሁለቱ እንደማይነጋገሩ አየን። ባልየው ሊሸኘን እስከ በር ወጣና ምክር ሽቶ «አባቴ፥ ሐብሉን የወሰድሁት እኔ ነኝ» አለን። ለምን እስከ ዛሬ እንደ ሸሸገ ብንጠይቀው «ዕዳውን ከፍዬ ሐብሉን ወደ ቦታው ልመልሰው፥ ማንም ሳያውቅ ሊያልፍ ነበር ሐሳቤ» አለ። እኛም «ልጄ፥ ለእኔ መንገርህ መጀመሪያው ነው፤ ነገሩ የሚፈጸመው ግን ለእርስዋ ስትነግር ነው» አልነው። እንዳትለየው ፈርቶ አምስት ቀን ቆየ። በስድስተኛው ቀን አስጠሩን፤ እኛ በተቀመጥንበት ነገራት።

ሚስቲቱ ብዙ ሰዓት ዝም አለች። ከዚያም ተነሥታ ከጓዳ አንድ ደብተር አምጥታ በፊታችን አኖረችና «የእኔም አለ» አለች። እርስዋም በበኩልዋ ዕቁብዋን አስቀድማ በልታ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አውላው ነበር፤ የሳምንቱ መዋጮም ከብዶአት ከወንድምዋ በምስጢር ተበድራ ነበር። ሁለቱም አንዱ ሌላውን እንዳያስጨንቅ ብለው፥ በአንድ አልጋ ላይ እየተኙ ለየብቻቸው ሲጨነቁ ኖረዋል። ከዚህ በኋላ የተናገረችው ቃል ግን እኛንም ባልየውንም አንገት ያስደፋ ነው፤ «ልጅቱስ?» አለች።

በዚያ ሌሊት ዕዳው ሁሉ ተጻፈ። ለአራጣ አበዳሪው ዋናው 30,000 ብር፤ ለዕቁብ በሳምንት 500 ብር ለ20 ሳምንት የሚከፈል 10,000 ብር፤ ለወንድምዋ 12,000 ብር፤ ለባለ ሱቁ የዱቤ 2,800 ብር፤ ለልጅቱ የሁለት ወር ደመወዝ 2,400 ብር፤ ድምሩ 57,200 ብር ሆነ። ባልየው ያለብን 30,000 ብር ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ሚስቲቱም 24,800 ብር ነው ብላ ታስብ ነበር። የልጅቱን 2,400 ብር ግን ከሁለቱ አንዱም በዕዳ አልቆጠረውም ነበር። እንግዲህ ይህ የመጨረሻው ቍጥር በደብተሩ ከሁሉ በላይ እንዲጻፍ ሆነ።

በማግሥቱ ሳምንት ልጅቱ ወደ ተጠጋችበት ወደ አክስትዋ ቤት ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ሄድን። ባልየው በአክስትዋና ስሙዋ በጠፋበት ጎረቤት ፊት ቆሞ ሐብሉን የወሰደ እርሱ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ደመወዝዋንም በእጅዋ ሰጣት። ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ሚስቲቱ ብትለምናት ልጅቱ ይቅር ብያለሁ፥ መመለስ ግን አልችልም ብላ መለሰች። የገንዘቡ ዕዳ በአንድ ቀን ተከፈለ፤ የስሙዋ ዕዳ ግን ተከፍሎ ማለቁን እግዚአብሔር ያውቃል።

የቀረው ዕዳ እንዴት እንደ ተከፈለ ደግሞ እነሆ። በወር ከመቶ 10 አራጣ ማለት ለ30,000 ብር በየወሩ 3,000 ብር ነው። ባልየው 14 ወር ከፍሎ ነበርና 42,000 ብር ከቤቱ ወጥቶአል፤ ዋናው 30,000 ብር ግን አንድ ብር አልጐደለም። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ካለው የቁጠባና ብድር ማኅበር 30,000 ብር በዓመት ከመቶ 12 ወለድ፥ በ24 ወር የሚከፈል፥ ሁለቱም ፈርመው ተበደሩና አራጣውን ዘጉት፤ ሐብሉም ተመለሰ። ለማኅበሩ የሚከፍሉት በወር 1,412 ብር ያህል ሆነ፤ ይኸውም ቀድሞ ለአራጣ ብቻ ይከፈል ከነበረው ከግማሹ ያንሳል። የሁለቱ ገቢ በአንድ ላይ በወር 15,000 ብር ያህል ነበር። የባለ ሱቁን በሁለት ወር፥ የዕቁቡን በአምስት ወር ጨረሱ፤ ለዕቁብ ይወጣ የነበረውን ገንዘብም በወር 2,000 ብር አድርገው ለወንድምዋ በስድስት ወር ከፈሉ። በ11 ወር ከማኅበሩ ብድር በቀር ሌላ ዕዳ አልቀረባቸውም፤ በ24ኛው ወር ያም አለቀ። ገቢያቸው አልጨመረም፤ የጨመረው መነጋገራቸው ብቻ ነው።

መ/ ሕጉ የሚለው

ይህ ነገር የምክር ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ሳሉ የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት እንደ ሆነ ደንግጎአል። ከሁለቱ አንዱ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፥ ወይም ለሌላ ሰው በዚህ መጠን ዋስ ለመሆን የሌላው ስምምነት እንዲያስፈልግ በ68ኛው አንቀጽ ወስኖአል። ያለ ስምምነት የተደረገውን ግዴታ ሌላው የትዳር ጓደኛ ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፥ ቢበዛም ግዴታው ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ይችላል። ለቤተ ሰብ ኑሮና ለልጆች ማሳደጊያ የተገባውን ዕዳ ግን ሁለቱ በአንድነትና በነጠላ እንዲከፍሉት ሕጉ ያስገድዳል። አንዱ ለራሱ ጉዳይ የገባው ዕዳ እንኳ አስቀድሞ ከግል ሀብቱ ይከፈላል፤ የግል ሀብት ከሌለው ከጋራው ሀብት ይወሰዳል። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋልና በክልል የሚኖር ሰው የክልሉን ሕግ ይመልከት።

ስለ ወለድም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወሰነ። በግእዝ ርዴ የሚባለውን አራጣን ቅዱሳት መጻሕፍት እንደ ነቀፉ የታወቀ ነው፤ የወንጀል ሕጋችንም ይቀጣል። ስለዚህ በአራጣ የተያዘ ሰው አፍሮ ከመደበቅ ይልቅ ሽማግሌና የሕግ አዋቂ ይዞ ከአበዳሪው ጋር ሊነጋገር ይገባዋል። ነህምያ በኢየሩሳሌም ቅጥሩን ሲሠራ ሕዝቡ ከሚስቶቻቸው ጋር ሆነው፥ እርሻችንና ቤታችን በመያዣ ተያዘ ብለው እንደ ጮኹበት በመጽሐፉ በ5ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። ባሎችና ሚስቶች በአንድነት ስለ ጮኹ ተሰሙ፤ ነህምያም ታላላቆቹን ገሥጾ የተያዘውን አስመለሰላቸው።

ሠ/ የአከፋፈሉ ሥርዓት

በመጽሐፈ ነገሥት ባልዋ ዕዳ ትቶባት የሞተች አንዲት ሴት ወደ ኤልሳዕ መጥታ፥ አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን በባርነት ሊወስድ መምጣቱን ነገረችው። ነቢዩ አስቀድሞ የጠየቃት በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ነው። እርስዋም ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም የለኝም አለች። ከጎረቤት ባዶ ዕቃ ተውሳ፥ በርዋን ዘግታ፥ ልጆቿ እያቀረቡላት ዘይቱን ቀዳች። ከዚያም ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን ሥርዓት እናወጣለን።

አንደኛ፥ በር ይዘጋ። ስለ ዕዳ የምትነጋገሩበት ሰዓት ዘመድ የሌለበት፥ ልጆች የተኙበት፥ ሆድም ያልራበበት ሰዓት ይሁን። በዚያ ሰዓት ሁሉም ይነገር፤ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ማስቀረት ከዝምታ ይከፋል፤ በኋላ ሲገለጥ የተነገረውንም እውነት ሐሰት ያስመስለዋልና። የሚሰማው ሰው ደግሞ በዚያ ሌሊት አይፍረድ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ በሽታውን የተናገረ ሰው ስድብ ከተቀበለ ግን ሁለተኛ አይናገርም።

ሁለተኛ፥ በቤታችሁ ምን እንዳላችሁ ቍጠሩ። ገቢው፥ ዕቃው፥ የእጅ ሙያው ሁሉ ይጻፍ። ከዚያም ዕዳው በደብተር ይጻፍ፤ ለማን፥ ስንት፥ በስንት ወለድ፥ እስከ መቼ፥ ለምን ተብሎ። ደብተሩም ሁለቱ በሚያውቁት ስፍራ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፥ ተራ ይበጅለት። አስቀድሞ የሠራተኛና የድኃ ገንዘብ ይከፈል፤ ሕገ ኦሪት የምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጥ ያዘዘው ድኃው እርሱን ተስፋ ስለሚያደርግ ነው። ቀጥሎ አራጣ፥ ከዚያ ዕቁብና ዕድር፥ ከዚያም ያለ ወለድ ያበደረ ዘመድ ይከተላል። ዘመዱም እስኪደርሰው ድረስ ቀኑ ይነገረው፤ ዘመድን የሚያስቀይመው መዘግየቱ ሳይሆን መረሳቱ ነው።

አራተኛ፥ አስቀድሞ ዕዳ ይከፈል፥ በተረፈውም ይኖር። ደመወዝ በገባ ቀን የዕዳው ድርሻ ይነሣ፤ ወር ካለቀ በኋላ የሚተርፍ የለምና። ዕዳ እስኪያልቅ ድረስ ድግስ ይቅር። ለፋሲካ በግ መግዛት ባይቻል ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብቶ በልክ መብላት ይቻላል። በጾም ወራት ከሥጋና ከቅቤ የተረፈውን ገንዘብ በበዓል ቀን በአንድ ጊዜ ማጥፋትም የጾሙን ትርፍ መልሶ ማጣት ነው።

አምስተኛ፥ በየወሩ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ የተከፈለውን ከደብተሩ ሰርዙ፤ ለሚሰረዘውም እግዚአብሔርን አመስግኑ። ኤልሳዕ ልጆቹ ዕቃ እንዲያቀርቡ ማድረጉን አስታውሱና ለደረሱ ልጆቻችሁም እንደ አቅማቸው ንገሩአቸው። ቤቱ ለምን እንደ ቈጠበ ያወቀ ልጅ የወላጆቹን ንፉግነት አያማም።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። አብሮ መክፈል ማለት አንዱ እየጠጣና እየተወራረደ ሌላው ይክፈል ማለት አይደለም። የሱስ ዕዳ በአዲስ ብድር አይከፈልም፤ ሱሱ ሳይቆም የሚከፈል ገንዘብ በቀዳዳ እንስራ የሚቀዳ ውሃ ነው። ሚስት ዱላ ፈርታ የምትፈርመው ብድርም ስምምነት አይባልም። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ቤት በሩን ዘግቶ ብቻውን አይቆይ፤ የንስሐ አባቱን፥ ሽማግሌዎችን፥ ካስፈለገም ዳኛን ይጥራ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በቤታችሁ ያልተነገረ ዕዳ ካለ ዛሬ ማታ ይነገር። ነገ ብንል፥ በነገና በዛሬ መካከል ያልበደለች አንዲት ልጅ በእኛ ፈንታ ልትባረር ትችላለች። አበዳሪ የሚጠይቀን ብር ነው፤ የትዳር ጓደኛችን ግን የሚጠይቀን እውነትን ነው፤ እርስዋን ዛሬውኑ ለመክፈል ማንም አቅም አያንሰውም።

እግዚአብሔር የተቆራኘነውን ከሰንሰለት ይፍታን፤ ያቆራኘውን ትዳራችንንም ያጽናልን። አሜን።